መኪናዬ ውስጥ የቀረው ሲዲ

መኪናዋን የገዛሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው። ትንሽዬ ነጭ የጃፓን መኪና ናት፤ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ነድቷታል። ቁልፉን ሲሰጠኝ ፈገግ ብሎ፣ "ሁለት ዓመል አላት" አለኝ። "አንደኛ፣ ሬዲዮዋ ለጃፓን ስለተሠራ የእኛን ጣቢያዎች አይዝም። ሁለተኛ፣ ሲዲ ማጫወቻዋ ውስጥ አንድ ሲዲ ተቀርቅሯል። ከዚያው ይዛው ነው የመጣችው። ላወጣው ብዬ በመቀስ ሁሉ ሞክሬ አቅቶኛል።"

"የምን ሲዲ ነው?"

"እኔ እንጃ። ዘፈን የለውም፣ መሣሪያ ብቻ ነው። የለቅሶ ነገር ይመስላል። ድምፁን ቀንሰሽ መንዳት ነው።"

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ቦሌ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የሰው ጀርባ ሳይ ስለኖርኩ፣ መኪናዋ ሬዲዮ ቢኖራት ባይኖራት ግድ አልነበረኝም። ሳስነሳት አንዲት ሴት በጃፓንኛ ረጋ ብላ የሆነ ነገር ትለኛለች፤ እኔም "እንደምን አደርሽ" እላትና እንሄዳለን። ሲዲውንም እንደተባልኩት ዝም አሰኝቼው ከረምኩ።

ድምፁን ከፍ ያደረግኩት አንድ ቀን ጃክሮስ ጋ መንገድ ተዘግቶ ነው። አንድ ሲኖትራክ መሀል መንገድ ላይ ተገትሯል፤ ከፊትም ከኋላም መላወሻ የለም። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ከመሰላቸት የተነሳ ጣቴን ወደ ማጫወቻው ሰደድኩና ድምፁን አዞርኩት።

ሦስት መሣሪያዎች ነበሩ። ፒያኖውን ለየሁት። ሁለተኛው የሚነፋ ነገር ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ሰው ጆሮህ ሥር ጠጋ ብሎ የሚነግርህ ዓይነት ድምፅ። ሦስተኛው እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚገዘገዝ ነው፤ ድምፁ ግን ከማሲንቆ ወፍራም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ። የሚነፋው አንድ ነገር ይላል፣ የሚገዘገዘው ትንሽ ቆይቶ ያንኑ በራሱ ድምፅ ይደግመዋል፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ለቅሶ አይደለም። እንዲያውም መሀል ላይ የሚያስፈነድቅ፣ እግርን የሚያንቀሳቅስ ቦታ አለው። መንገዱ ሲከፈት ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ አላወቅኩም።

ከዚያን ቀን በኋላ የእኔና የሲዲው ነገር ተለወጠ። ሰባት ሙዚቃ አለበት። ከቤቴ እስከ ገርጂ ሦስቱ ያልቃሉ፣ መንገዱ ከተጨናነቀ አምስቱ። ሰባተኛው ግን ጀመር ሲያደርግ ጭ ጭ ጭ ይልና ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። እኔም ሰባተኛ እንደሌለ ቆጥሬ ተውኩት።

ከእኛ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ አንድ ጡረተኛ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ቦሌ ያለ ክሊኒክ ክትትል ነበራቸው። በታክሲ ሲንገላቱ አይቼ "ማክሰኞ ማክሰኞ ከእኔ ጋር ይሂዱ፣ መንገዴ ነው" አልኳቸው። ፋርማሲስት መሆኔን ያውቃሉ፤ ግን ዶክተር ማለትን ይመርጣሉ፣ እኔም ማረም ትቻለሁ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ጋቢና ገብተው ቀበቷቸውን እያሰሩ ሙዚቃው ተነሳ። ለትልቅ ሰው አይስማማ ይሆናል ብዬ ልቀንሰው እጄን ስዘረጋ፣ "ተይው ዶክተር" አሉኝ።

ተውኩት። እስከ ፍየል ቤት ድረስ ጭናቸው ላይ ያሉት ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይወርዳል።

"ክላርኔት ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ያውቁታል ጋሼ?"

"ሃያ ስድስት ዓመት አፌ ውስጥ ነበር።"

ለካ ሰውዬው የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔት ነፊ ነበሩ። ስድስት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ ስንኖር ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለ ውኃ ታንከሩ ሲከራከሩ ብቻ ነው። "እንግዳ ሲመጣ ኤርፖርት ተሰልፈን ማርሽ እንነፋለን" አሉኝ። "ፀሐዩ እላያችን ላይ፣ ኮፍያው ግንባራችን ላይ። አውሮፕላኑ ዘገየ ሲባል እዚያው ቆመን ሦስት ሰዓት። ብቻ ደስ ይል ነበር።"

ማክሰኞ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነ። ጋሼ እንዴት እንደሚሰማ አስተማሩኝ። ነፊው መቼ እንደሚተነፍስ፣ የመሣሪያው ቁልፎች ሲዘጉ እንዴት ቀጭ እንደሚሉ፣ የሚገዘገዘው ለክላርኔቱ መንገድ ሲለቅ እንዴት ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ። አራተኛው ሙዚቃ ዝግ ያለ ነው፤ እሱ ላይ ሲደርስ ጋሼ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙኛል፣ መኪናውን ሳይሆን ወሬዬን። አንዲት ቦታ ላይ ክላርኔቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ድንገት ዝም ይላል። ዝምታዋ ከምትጠበቀው ትንሽ ትረዝማለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ተመልሶ ይገባል።

"አየሽ?" ይሉኛል። "ሌላ ሰው ቢሆን ቸኩሎ ይገባ ነበር። ይሄ ሰው ትልቅ ሊቅ ነው። ዝም ማለት ያውቃል።"

"ክላርኔትዎ የት ነው ያለው ጋሼ?"

"ቁም ሣጥን ላይ።"

"ለምን አይነፉትም ታዲያ?"

ጣታቸውን ወደ አፋቸው አመለከቱኝ። "የፊት ጥርሴ በሙሉ ሰው ሠራሽ ነው። ክላርኔት ያለ ጥርስ አይሆንም።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ቢኖረኝስ? ይሄንን የሚነፋው የተማረ ሰው ነው። እኛ የማርሽ ሰዎች ነን" አሉ።

ልጅቷን ያገኘኋት በዚያው ሰሞን ነው። ዘይት ላስቀይር ወሎ ሰፈር፣ ደንበኛዬ የሆነ መካኒክ ጋ ሄጄ ስመለስ፣ ታክሲ መያዣው ላይ አንዲት ወጣት የራሷን ቁመት የሚያህል ጥቁር ሻንጣ አቅፋ ቆማለች። ሚኒባስ ይቆማል፣ ረዳቱ ሻንጣውን ያያል፣ "እህት፣ እሱ ለብቻው ሁለት ወንበር ይፈልጋል" ይላል፣ በሩን ይዘጋል። የትራፊክ መብራት ይዞኝ እዚያው ቆሜ ሦስት መኪና ሲያልፋት አየሁ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ "ወዴት ነሽ?" አልኳት።

"ሳሊተ ምሕረት ነበርኩ፤ ግን እርስዎ አይቸገሩ።"

"ግቢ፣ በዚያው ነኝ። አንቺ በይኝ ደግሞ።"

ሻንጣውን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደምነው፤ አንገቱ በእኔና በእሷ መሀል ወጣ። ሞተሩን ሳስነሳ ሙዚቃው ከቆመበት ቀጠለ። ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ማጫወቻው፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ማጫወቻው አየች።

"ይሄ ሲዲ የማን ነው?"

"አላውቅም። ከመኪናው ጋር የመጣ ነው። አንደኛው ክላርኔት እንደሆነ ተነግሮኛል። ያኛውን ወፍራሙን ግን እስካሁን ምን እንደሆነ አላወቅኩም።"

ልጅቷ ፈገግ ብላ አጠገቧ ያለውን የሻንጣውን አንገት መታ መታ አደረገችው። "እሱ ነው። ቼሎ ይባላል።"

በግራ ክርኔ መስኮቱን፣ በቀኝ ክርኔ ያን ሁሉ ወር ስሰማው የኖርኩትን መሣሪያ ተደግፌ ነበር የምነዳው። ገርጂ ስንደርስ አንዲት ጥግ ፈልጌ አቆምኩና እንድታሳየኝ ለመንኳት። ዚፑን ከፍታ ትንሽ ገለጥ አደረገችልኝ። ቀይ ዳማ እንጨት፣ አራት ወፍራም ክር። በአውራ ጣቷ አንዱን ክር ነካችው፤ ወንበሬ ሥር ድረስ ተሰማኝ።

ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቃ ወሎ ሰፈር ሁለት ቤት እየሄደች ልጆች ታስተምራለች። ከሲዲው ላይ አራተኛውን ሙዚቃ ታውቀዋለች፤ ኖታው አላት። "ግን ከማን ጋር ልጫወተው?" አለችኝ። "ከእኛ ክፍል ክላርኔት የሚነፋው ልጅ ወደ ሳክስፎን ዞሮ ሆቴል ገባ።"

"እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ" አልኳት።

ጋሼ ግን እምቢ አሉ። ልጅቷን ይዣት ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ እንግዳ ተቀብለው፣ ሻይ አስቀርበው፣ ቼሎውን ከእግር እስከ ራሱ በዳበሳ አይተው፣ በጣም በትሕትና እምቢ አሉ። "ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ከሚችል ጋር ተጫወቺው። የእኔ ጊዜ አልፏል።" ባለቤታቸው ከማዕድ ቤት ሆነው "አቧራው እንኳን ቢራገፍ ምን ነበረበት" ሲሉ ሰማሁ። ጋሼ እንዳልሰማ ሆኑ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማጫወቻው መንገጫገጭ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሙዚቃው መሀል ላይ ቆመና ቀረ። ለካ ለምጄዋለሁ፤ መንገዱ በእጥፍ የረዘመ መሰለኝ። የዚያኑ ማክሰኞ ጋሼን ከክሊኒክ ይዤ መኪናዋን መካኒኩ ጋ ወሰድኳት። ልጅቷም ስትሰማ የማስተማር ሰዓቷን ጨርሳ መጣች። ጋሼ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቷና እኔ ቆመን፣ የቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ እንደሚጠብቁ ቤተሰቦች መካኒኩን እናያለን። ማጫወቻውን ነቅሎ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ በሁለት ጣቱ ሲዲውን አወጣው።

ገልበጥ አድርጎ አየውና አዘነልኝ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል አይደለም። ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው።"

እውነቱን ነው። ሥዕል የለበትም፣ የታተመ ጽሑፍ የለበትም። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእጅ፣ በጃፓንኛ ሦስት አራት መስመር ተጽፎበታል። ፎቶ አንስቼ ሆስተስ ለሆነችው እህቴ ላክሁላት። የዚያን ጊዜ ቶኪዮ ነበረች። "ለሚያነብ ሰው አሳዪልኝ" አልኳት።

ሰሚት ስንመለስ ጋሼ ቤት ገባን። ቴሌቪዥናቸው ሥር ያረጀ ዲቪዲ ማጫወቻ አለ። ልጅቷ ሲዲውን በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ቀስ አድርጋ ጠረገችና አስገባችው። ሠራ። በሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ሞተር ድምፅ ስንሰማው የመጀመሪያችን ነው። አንዱ አልቆ ሌላው ሲቀጥል ማንም አልተነሳም። ስድስተኛው አለቀ። ሰባተኛው ጀመረ፤ ጭ ጭ ማለቱን ስጠብቅ አላለም።

አጭር፣ ፈጣን ሙዚቃ ነበር። ሲያልቅ ግን ሲዲው አልቆመም። ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። አንድ ሰው ብቻውን አጨበጨበ። ሴት ሳቀች። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ለረጅም ጊዜ አሳለ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሁሉም አብረው ሳቁ። ከኋላ ዝናብ ይዘንባል። ከዚያ ጸጥ አለ።

እርስ በርስ ተያየን። ቡናማው ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሳለ የእህቴ መልእክት ገባ። ያረፈችበት ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት ያነበበችላት። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦

"ክላርኔት፣ አባዬ። ቼሎ፣ እኔ። ፒያኖ፣ አክስቴ። ሳሎናችን ውስጥ፣ እሑድ፣ ዝናብ እየዘነበ።"

ጋሼ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። "እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው።

"ሳሎን ነው የሚለው?"

"ሳሎን ነው።"

"አባትና ልጅ?"

"እና አክስት።"

ወደ ማጫወቻው ዞሩ። ከዚያ፣ "ታዲያ ያቺ አራተኛው ላይ ያለችው ዝምታ..." ብለው ሳይጨርሱ ልጅቷ፣ "ትንፋሽ አጥሮት ነዋ፣ ጋሼ" አለች።

ጋሼ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በትከሻቸው፣ በመጨረሻ ጥርሳቸውን በእጃቸው ደግፈው። "ወራት ሙሉ!" አሉ። "ወራት ሙሉ ለዶክተር ሳስተምራት!" ባለቤታቸው ምን ሆናችሁ ብለው ከማዕድ ቤት ብቅ ሲሉ፣ ጋሼ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ መኝታ ቤቱ አመለከቱ። "አውርጂልኝ እስቲ ያንን ነገር።"

በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። ሲከፈት የክፍሉን አየር የአሮጌ እንጨት ሽታ ሞላው። አምስቱን ቁራጭ ገጣጠሙት፤ እጃቸው አልረሳም። ሲነፉት የወጣው ግን በር ሲከፈት የሚሰማ ሲጥታ ነው። ጥርሳቸው ተንሸራተተ። አፋቸው ውስጥ የምትገባው ሪድ የሚሏት ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ ደርቃ ተሰነጠቀች። ባለቤታቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ሥራ አገኘን። ልጅቷ መሣሪያውን ወደሚያውቅ ጠጋኝ ወሰደችና ቁልፎቹ ሥር ያሉትን የደረቁ ቆዳዎች አስቀየረች። እህቴ በሚቀጥለው በረራዋ አንድ ፓኬት ሪድ ይዛ መጣች። የእኔ ድርሻ ከመድኃኒት ቤታችን መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን ማጣበቂያ። ሁልጊዜ የምሸጠው ነገር ነው፤ ለሙዚቃ ይጠቅማል ብዬ አስቤ ግን አላውቅም። ጋሼ ቀብተው፣ አሥር ደቂቃ አፋቸውን ዘግተው ጠብቀው፣ ነፉ። ረጅም፣ ወፍራም፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣ። ራሳቸውም ደንግጠው ክላርኔቱን ከአፋቸው አውጥተው አዩት።

"ይኸው" አሉ ባለቤታቸው። ወንበር ስበውም ተቀመጡ።

አራተኛውን ሙዚቃ እኛም ልንቀዳው ተስማማን፤ ሁለት ወር ተለማመዱ። ጋሼ ኖታውን በደንብ ማየት ስላልቻሉ ልጅቷ በትልልቁ በፓርከር ጻፈችላቸው፤ አንዱ ገጽ ስምንት ገጽ ሆነ። ይጨቃጨቃሉ። "አንቺ ትጎትቺዋለሽ" ይላሉ፤ "እርስዎ እንደ ሰልፍ ያስኬዱታል" ትላለች። የፒያኖውን ቦታ ቼሎው እንዲሸፍን ልጅቷ እዚህም እዚያም ቀያየረችው። አንድ ቀን ጋሼ ዕረፍት ላይ በትዝታ ቅኝት አንዲት ነገር ማንጎራጎር ሲጀምሩ፣ እሷ ደጋኗን አንስታ ከሥር ገባች። እኔ ቆሜ ልሰናበት ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንዱ ሲል ሌላው ትንሽ ቆይቶ ይመልሳል። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልተለማመደውም። ሲጨርሱ ልጅቷ፣ "ይሄንንም እንቅዳው" አለች።

የቀዳነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሕንፃዎቹ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ውስጥ ነው። ሠርግና ለቅሶ የሚደረግበት፣ የበግ ቆዳ የሚገፈፍበት ሰፊ ክፍል ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቁልፉን ሲሰጠኝ "የምን ዝግጅት ነው?" አለኝ። "ቀረጻ" ብዬው ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ስልኬን የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አቆምኩት። የመጀመሪያውን ሙከራ የውኃ ቦቴ መጥቶ አበላሸው። ሁለተኛውን ጋሼ ራሳቸው አቆሙት፣ አልወደዱትም። ሦስተኛው ሲጀመር ሰባት ስምንት ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ጫማቸውን አውልቀው በእግር ጣታቸው የገቡም አሉ። ጋሼ የኤርፖርቱን ጊዜ የሚያስታውስ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። አንድ ቦታ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ቼሎዋ ጠበቀቻቸው፤ ገቡ። እኔ የስልኬን ቀይ ነጥብ እያየሁ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ቀረጻውን ጋሼ ሊጠይቃቸው በመጣ ልጃቸው ስልክ ለድሮ የባንድ ጓደኞቻቸው አስላኩት። የዚያኑ ዕለት አንዱ ከቢሾፍቱ ደወሉ። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። "አንተ፣ በሕይወት አለህ እንዴ? ከሥርህ የሚያጉረመርመውስ ምንድን ነው?"

"ቼሎ ይባላል" አሉ ጋሼ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያውቁት ሰው። "መጥተህ አትሰማውም?"

በተከታዩ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ከሚኒባስ ወርደው ወደ ሕንፃችን ሲመጡ ከበረንዳዬ አየኋቸው። አንዱ ትሮምቦን፣ አንዱ ትራምፔት ይዘዋል፤ ሦስተኛው ባዶ እጃቸውን ናቸው፣ ከበሮ መቺ ነበሩና የኮሚቴውን ጠረጴዛ እመታለሁ ብለው ነው የመጡት። ወርጄ ለእነሱ፣ ለጋሼና ለልጅቷ የጋራ ቤቱን ከፈትኩላቸው። ጋሼ አንድ በአንድ አቅፈው ሳሟቸው፣ ጥርሳቸውን ላለማንቀሳቀስ እየተጠነቀቁ። ከዚያ ሁሉም መሣሪያቸውን አውጥተው የሚቀመጡበትን ሲፈልጉ፣ ልጅቷ ቼሎዋን አቅፋ ተነሳች፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው።